በረመዳን ዱባይ ላይ ቀን የት ይበላል?

አዲስ ገቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዱባይ በቅርቡ ነው የመጣሁት፤ ሞል ውስጥ ልብስ መሸጫ እሠራለሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ሁሉ ይጾማሉ። ረመዳን ከገባ ወዲህ አንዱ «ውሃ ስትጠጪ ከታየሽ ትቀጫለሽ» ይለኛል፣ ሌላው «ያ ድሮ ቀረ» ይላል። ምሳዬን የት ልብላ? ሜትሮ ውስጥስ?

ሹፌሩ፦
እህቴ፣ ሞል ውስጥ ከሆንሽ ችግር የለም። ከ2021 ወዲህ (በፈረንጆቹ ነው) የዱባይ ምግብ ቤቶች በረመዳን መጋረጃ እንዲጋርዱ አይገደዱም። ገብተሽ፣ ተቀምጠሽ ብዪ። መንገድ ላይ፣ ፌርማታ ላይ፣ መኪና ውስጥም ቢሆን ግን ተይው። ሜትሮው ከረመዳን ጋር አይገናኝም፤ ዓመቱን ሙሉ መብላት፣ መጠጣት፣ ማስቲካም ክልክል ነው። ቅጣቱ 100 ድርሃም።

ኩዌት ያለሁት፦
ይህን አንብባችሁ ኩዌት የምትመጡ እንዳትሸወዱ። እዚህ በፈረንጆቹ 1968 የወጣ ሕግ አለ፤ በረመዳን ቀን በአደባባይ የበላ እስከ 100 ዲናር ይቀጣል፣ እስከ አንድ ወር መታሰርም አለው። ዲናር ነው ያልኩት!

ወሎዬዋ፦
ሕጉን እነሱ ነገሩሽ፣ እኔ ይሉኝታውን ልንገርሽ። ምሳሽን ሱቁ ውስጥ አታሙቂ። ማይክሮዌቭ የገባ ሽሮ ሽታው ለጿሚ ፈተና ነው። ቀዝቃዛ ነገር ቋጥረሽ ወጣ ብለሽ ብዪ። ችግሩ ያ «እንብላ» የለመደው አፋችን ነው፤ ጿሚን እንብላ አይሉትም። ደግሞ ኦርቶዶክስ ከሆንሽ ዘንድሮ (2018 ዓ.ም.) ሁዳዴም የካቲት 9 ገብቷል፣ ረመዳን በሁለት ቀን ነው የተከተለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾምሽ አብረሻቸው ነሽ ማለት ነው። ሲያፈጥሩ ከጠሩሽ አትግደርደሪ፣ ሂጂ። አዛን ሳይል ቴምሩን አትንኪ፤ ሲሰጡሽ በቀኝሽ ተቀበዪ። የምስር ሾርባ አይጠፋም። ሳምቡሳው ግን ሥጋ ሊኖረው ይችላልና ቀድመሽ ጠይቂ።

ሹፌሩ፦
አንድ ነገር ረስቼ። በረመዳን የግል ድርጅት የሥራ ሰዓት በቀን ሁለት ሰዓት ይቀነሳል። ለጿሚ ብቻ አይደለም፣ ላንቺም ነው። አለቃሽ ዝም ካለ ጠይቂው።

አዲስ ገቢ፦
ይሄንንማ ማንም አልነገረኝም! ተባረኩ። ጓዳው ውስጥ ቡናስ?

ወሎዬዋ፦
በሩን ዘግተሽ ጠጪ፣ ምን አለበት። ቆልቼ በጀበና ላፍላ ካልሽ ግን ለሞሉ በሙሉ ነው የምታውጂው።