ድሬ ላይ ያለ ኤሲ የሚኖርበት ቤት መሥራት ይቻላል?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ለእናቴ ቤት እያሠራሁ ነው። እኔ ያለሁት ጅዳ ነው፤ ሥራውን የሚከታተለው ታናሽ ወንድሜ ነው። ግድግዳው የሚያርፍበት ግራውንድ ቢም አልቋል፣ ግድግዳ ገና አልተጀመረም። ፕላኑን የሠራልን የአዲስ አበባ ሰው ነው። ሳሎኑ ወደ ምዕራብ ያያል፣ ፊቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት ነው። ግድግዳው 20 ሳንቲ ብሎኬት፣ ኮርኒሱ 2.60፣ ጣሪያው ጥቁር አረንጓዴ ቆርቆሮ። «ሙቀቱስ?» ስለው «ኤሲ ትገጥማላችኋ!» አለኝ።

እናቴ ኤሲ አትወድም፤ መገጣጠሚያዬን ያመኛል ትላለች። መብራቱም ሲሄድ የሚሄደው ልክ ሙቀቱ ሲብስ ነው። አሁን ምን ብንቀይር ይሻላል? ገንዘብ ገደብ አለው፣ እሱን አትርሱብኝ።

ውሃልክ፦

ወንድሜ፣ ግድግዳ አለመጀመሩ ዕድል ነው። ፕላኑ መጥፎ አይደለም፤ ቦታው ነው የተሳሳተው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሰው ፀሐይ እንድትገባለት ይፈልጋል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ሥራው ፀሐይን ደጅ ማቆየት ነው።

መጀመሪያ ፀሐይዋ በየት እንደምታልፍ እንይ። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው ይስቅብኛል። ወንድምህ ሰኔ ላይ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢው መሀል ይቁምና ጥላውን ይይ። ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው። አጭር ነው ግን፤ ፀሐይዋ ከአናት ያዘነበለችው 14 ዲግሪ ብቻ ነዋ። ስለዚህ 2.50 ከፍታ ላለው የሰሜን ግድግዳ 60 ሳንቲ የጣሪያ ክንፍ ቀትር ላይ ይበቃዋል።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን በክንፍ አይድኑም። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች። ያንተ ሳሎን ደግሞ በሩን ከፍቶ እሷን ነው የሚጠብቀው። እናትህ ከአሥር ሰዓት በኋላ እዚያ አይቀመጡም፣ ልንገርህ። ሽንት ቤቱን፣ ዕቃ ቤቱን፣ የመኪናውን ጥላ ወደ ምዕራብ ውሰዳቸው፤ ሳሎኑ ወደ ሰሜን ይዙር። ኮለኖቹ ባሉበት ይቆዩ፣ የሚቀየረው ክፍልፍሉ ነው። የፍሳሽ መስመሩ ተቀብሮ እንደሆነ ግን አስቀድመህ ጠይቅ።

ጣሪያው ከሁሉም ይብሳል። ቆርቆሮ ስምንት ሰዓት ላይ እጅ አያስነካም። ያ ግለት ኮርኒሱን ያግላል፣ ኮርኒሱ ደግሞ የእናትህን አናት። ጥቁር አረንጓዴውን ተውና ነጭ አልብሰው። ከክንፉ ሥር ክፍተት ተው፣ ከላይ ጫፉ ላይ ሌላ ክፍተት። የጋለው አየር በላይ ይወጣል፣ ከታች ሌላ ይተካል። ኮርኒሱ ላይ ፋይበር ግላስ አንጥፍበት፣ ከፍታውንም 3.20 አድርሰው፤ ያኔ የሰሜኑ ክንፍም ወደ 80 ሳንቲ ይደግ። የባቡሩ ሰዎች ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ የድሬን ከዚራ ሰፈር ሲሠሩ ኤሲ አልነበራቸውም። በረንዳቸውንና ዛፋቸውን ሂዱና እዩ።

ግድግዳው ድንጋይ፣ 40 ሳንቲ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ቀን የመታው ሙቀት ውስጥ ሲደርስ መሽቷል። የምዕራቡ ብቻ እንኳ ቢሆን። ግራውንድ ቢሙ ለብሎኬት የተሠራ ከሆነ ግን ስትራክቸሩን የሠራውን መሐንዲስ ሳታማክር እንዳትነካው። ደግሞ ወፍራም ግድግዳ ብቻውን ዋጋ የለውም። ሰኔ ላይ ቀን 35 ገደማ ቢሆን ሌሊት ወደ 22፣ 23 ይወርዳል። ማታ መስኮቱን ሁሉ ከፍተህ ግድግዳውን አቀዝቅዝ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዝጋ።

ሎጊያ ነኝ፦

ውሃልክ ያሉት ለድሬ ልክ ነው። ሰመራና ሎጊያ ቤት የምትሠሩ ግን እንዳትገለብጡት! እኛ ጋ ሰኔ ላይ ቀኑ ከ40 ያልፋል፣ ሌሊቱም አይበርድም። እኔ የተከራየሁት ወፍራም ድንጋይ ቤት ነው፤ ቀን የጠጣውን ሌሊቱን ሙሉ ይተፋብኛል። የአፋሮቹ ቤት፣ አሪ የሚሉት፣ ሰሌን ነው፣ ቀላል ነው፣ ነፋስ ያስገባል። ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል። እኛማ አልጋ አውጥተን ግቢ ነው የምንተኛው።

የመጋላዋ፦

መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል ነው አቦ፣ ትንኙስ? በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ከገባ ወዲህ ድሬ ያለ ወንፊት ሽቦ ቤት አይሠራም። ውሃልክ ያሏቸውን የጣሪያ ክፍተቶችም በወንፊቱ ሸፍኗቸው። ከእስያ የመጣችው አዲሷ የወባ ትንኝ ደግሞ ሮቶና በርሜል ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። ክዳኑ ግጥም የሚል ሮቶ ግዙ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ ከሆነ ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧ ስትከፍቱ ሻይ ነው የሚወርደው።

ምጣዱንም ከቤት አውጡልኝ። እንጀራ በተጋገረበት ቀን ምንም ዓይነት ጣሪያ አያድናችሁም። በምዕራብ በኩል ኒም ትከሉ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ።

የሳቢያን ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ፍሳሹ አልተቀበረም፤ ሳሎኑ ወደ ሰሜን ዞሯል። ድንጋዩን መሐንዲሱ እሺ አላለም፤ የምዕራቡ ብቻ ድርብ ብሎኬት ሊሆን ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። እዚህ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ይሸጣሉ፣ ይዤላት ልምጣ? ደግሞ እናቴ በር ላይ ማን እንደመጣ ካላየሁ አልገባበትም ብላለች። የግቢው በር ደግሞ በምዕራብ ነው።

ውሃልክ፦

ማቀዝቀዣው ጅዳ ላይ ብዙም አይረባህም፣ አየሩ እርጥብ ነው። ድሬ በደረቁ ወራት በደንብ ይሠራል፤ ነሐሴ ላይ ይደክማል። የሚፈጀው መብራት ከኤሲ በጣም ያነሰ ነው። ግን የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ኖራ ይሠራል። ውሃ የሚያልፍበት ንጣፉም እንደዚያው ይደፈናል፤ መለወጫ ጨምረህ አምጣ።

ለእናትህ መስኮታቸውን ስጣቸው። 60 በ90 ይሁን፣ ከውጭ የእንጨት መዝጊያ ይኑረው። ላሜራ አይሆንም፣ ይግላል። የውስጥ መጋረጃም ብዙ አይረዳም፤ ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች ገብታለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይዝጉት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው ያንኳኳ።