ለመልስ ኬክ የዲዛይን ሐሳብ ከየት ታመጣላችሁ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ እየጋገርኩ በትእዛዝ መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመልስ ኬክ አለብኝ። ባለ ሁለት ደረጃ ነው፤ የታችኛው 25 ሴንቲ ሜትር፣ የላይኛው 18። ሙሽራዋ «ሰው ሰርግ ላይ ያየሁት ዓይነት እንዳይሆን» ብላኛለች። ስልኬ ላይ የማየው ሁሉ ደግሞ ያው ነው፤ ነጭ ፎንዳንት (ኬኩን የሚያለብሱት የስኳር ሊጥ)፣ ጽጌረዳ፣ ወርቃማ ቀለም። ሦስት ቀን ስስል ዋልኩ፣ የሳልኩት ሁሉ ያየሁትን ሆኖ ይመጣል። እናንተ ሐሳብ ሲጠፋባችሁ ምን ታያላችሁ?

የሸማኔ ልጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የኬክ ፎቶ ማየት አቁሚ። ሙሽራዋ ለመልሱ የምትለብሰው የሐበሻ ቀሚስ አለ አይደል? ጥለቱን ቀረብ አድርጋ አንስታ ትላክልሽ። አባቴ ጥለት የሚያወጣው ክር እየቆጠረ ነው። ለዚህ ነው ከሩቅ ክብ የሚመስለው ሁሉ ቀርበሽ ስታዪው ደረጃ ደረጃ የሚሆነው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር አምጪና አንዷን ቅርጽ ብቻ ካሬ በካሬ ቅጂ። እያንዳንዷ ካሬ ኬኩ ላይ አንድ የክሬም ነጥብ ትሆናለች። ሙሉውን ጥለት ግን አትሞክሪ፤ ኬኩ ይጨናነቃል።

ጠያቂ፦ ወንድሜ፣ ይሄ በፍጹም አልመጣልኝም ነበር! እኔ ያሰብኩት የላሊበላ መስቀል ወይም ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ነበር። በጣም ነው የምወዳቸው።

የልጆች እናት፦ ልጄ፣ እነሱን ተያቸው። ኬክ በቢላ ይቆረጣል። እኛ ቤት አንዴ መስቀል ያለበት ኬክ መጥቶ ቢላ የሚያነሳ ጠፋ። ዳር ዳሩን በልተን መሐሉ እንዳለ ቀረ። የብራና ሥዕል ከወደድሽ ሐረጉን ውሰጂ፤ ገጹ አናት ላይ እንደ ጥብጣብ ተጠላልፎ የሚሄደውን ጌጥ ማለቴ ነው። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለውን ሙዚየምም ሄደሽ እዪ። ደብተርና እርሳስ ያዢ፤ በእጅ የሳሉት አይረሳም።

ከሐረር፦ ስፌትም አለ። ሰፌድ ከመሐል ተነስቶ እየዞረ ነው የሚያድገው። ኬኩን ማዞሪያው ላይ አድርጊና ክሬሙን ከመሐል ጀምረሽ እንደ ገመድ ጠምጥሚው። ለላዩ ያምራል።

ዳቦና ኬክ፦ ሐሳቡ ተገኝቷል፣ አሁን ልኩ ነው የሚያስቸግርሽ። የ25 ሴንቲ ሜትር ኬክ ዙሪያው 78.5 ገደማ ነው። ፎንዳንት ሲለብስ ትንሽ ይጨምራል፤ ስለዚህ ለብሶ ካለቀ በኋላ ለኪው። ዙሪያውን የሚበቃ ወረቀት ቁረጪና አራት ጊዜ ለሁለት ለሁለት እጠፊው። ሲዘረጋ 16 እኩል ቦታ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር። በወረቀቱ ላይ በመርፌ እየበሳሽ ኬኩ ላይ ምልክት አድርጊ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ጥለቱ ከኋላ ሲገናኝ ግማሽ ቅርጽ ተረፈኝ፤ ሌሊቱን በሙሉ ስፍቅ አደርኩ። ቀይ ክሬም ከሆነ በዋዜማው በጥብጪው፤ ሲያድር ይደምቃል። ነጩ ላይ የምታደርጊው ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ እርጥበት ካገኘው ይሰራጫል። የቅቤ ክሬም በእጅሽ ሙቀት ስለሚለሰልስ በሁለት ከረጢት አድርጊው፤ አንዱ ፍሪጅ ይቆይ።

ጠያቂ፦ ፎቶው ደረሰኝ! አረንጓዴና ወርቃማ ነው፤ ቅርጿ በወርድ 9 ካሬ ሆነች። ትናንት ማታ የተገለበጠ ፎርማ ላይ ሞከርኩት። አምስተኛው ላይ እጄ ለመደ። የላይኛውን ደረጃ ነጭ አድርጌ ልተወው አስቤያለሁ፣ እንደ ቀሚሱ፤ ጥለቱ ከታች ብቻ። ይበዛል ወይስ ያንሳል?

የሸማኔ ልጅ፦ አያንስም። አባቴን አሳየሁት፤ «ነጩን አትንኩት» ነው ያለው።