ዓሣውን የሚጨርሰው ማነው? እኛ ወይስ የባሕር አንበሳው?

የደች ሃርበር ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። አላስካ፣ ደች ሃርበር፣ ዓሣ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ይሄ ሁለተኛ ሲዝኔ ነው። ስላይም ላይን ላይ የቆመ ያውቀዋል፣ 16 ሰዓት ሙሉ ዓሣ ስታጸዳ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር የማታወራው ነገር የለም። ሰሞኑን ወሬው ሁሉ ኦርካ፣ ያ ጥቁርና ነጩ ዓሣ ነባሪ፣ ሆኗል። ብላክ ኮድ የሚባለውን ዓሣ የምታመጣልን አንዲት ጀልባ ባለፈው ሳምንት ግማሽ ባዶዋን ገባች። ምን ሆናችሁ ብላቸው አንዱ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። መንጠቆው ላይ የቀረው የዓሣው ከንፈር ብቻ ነው። ከንፈር! ገመዱን የሚስበው ማሽን ሲነሳ ድምፁን ከሩቅ ይሰማሉ አለኝ፣ ከዚያ ተጠራርተው ይመጡና ዓሣው ከሥር እየተሳበ ሲወጣ አንድ በአንድ እየነጠቁ ይበላሉ፣ ሠርግ ቤት ቡፌ ተከፈተ ሲባል ሳህን ይዞ እንደሚሰለፍ ሰው።

ወደቡ ላይ ደግሞ የባሕር አንበሳው አለ። ሀዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳዎቹ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው እንዴት ተገትረው እንደሚጠብቁ አይቷል። እዚህም ያው ነው፣ ልዩነቱ የዚህኛው ወንዱ ከግማሽ ቶን በላይ መመዘኑ ነው።

ጥያቄዬ፦ ካፒቴኑ «እነዚህ ቢቀነሱ ሁላችንም እንጠግብ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው? እኔ ጀልባዎቹ በሚያመጡት ዓሣ ልክ ነው ሥራ የማገኘው፣ ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል።

ባላርድ ነዋሪ

ወንድሜ፣ የካፒቴንህ ሐሳብ እኛ ሰፈር ተሞክሯል። ሲያትል የምትኖሩ ባላርድ ሎክስን፣ ጀልባ ከባሕር ወደ ሐይቅ የሚያልፍበትን የውሃ በር፣ ታውቁታላችሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ሁላችንም የምንወስድበት ቦታ ነው። ከባሕር ወደ ሐይቅ የሚወጣ ዓሣ በዚያች ጠባብ በር ነው የሚያልፈው፣ ወይ በሎኩ ወይ ለዓሣ በተሠራው የውሃ ደረጃ። በፈረንጅ 1980ዎቹ የባሕር አንበሶች ይህችን በር አወቋት። ስቲልሄድ የሚባለው ዓሣ ሲመጣ አፋቸውን ከፍተው መጠበቅ ነው፣ ከዚህ የቀለለ እንጀራ የለም። ሰዉ ኸርሸል ብሎ ስም አወጣላቸው።

ርችት ተኮሱባቸው። ለመዱት። ይዘው ካሊፎርኒያ ድረስ ወሰዷቸው፣ ዋኝተው ተመለሱ። በ1996 ደግሞ ከፋይበርግላስ የተሠራ የውሸት ኦርካ ውሃ ላይ አስቀመጡላቸው፣ በቃ እንደ ማሳ ማስፈራሪያ ማለት ነው። ሳቁበት መሰለኝ። በመጨረሻ ዋና ዋናዎቹን ሦስቱን ፍሎሪዳ ላኳቸውና ተገላገሉ።

ስቲልሄዱስ? በ80ዎቹ መጀመሪያ በሺህ ይቆጠር የነበረው በ90ዎቹ አጋማሽ መቶ እንኳ አልሞላም፣ ኸርሸሎቹ ከሄዱም በኋላ አልተመለሰም። ወንዞቹ በከተማ ተውጠዋል፣ ውሃው ሞቋል። የባሕር አንበሳው የመጨረሻዎቹን በላ እንጂ ቤቱን ያፈረሰው እሱ አይደለም።

ጥሬ ሐቅ

ቆይ ቆይ፣ አንሸፋፍን። አሜሪካ በ1972 ሕግ አውጥታ ከከለለቻቸው ወዲህ ሲል የሚባለው የባሕር አንበሳ ዘመድም፣ የባሕር አንበሳውም በደንብ ተራብቷል፣ ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋ አለው። በምዕራቡ ጠረፍ እነሱና ኦርካዎች ተደምረው የሚበሉት ቺኑክ ሳልመን የሚባል ዓሣ በ1975 ወደ 6,100 ቶን ነበር፣ በ2015 ወደ 15,200 ቶን ደረሰ። ሰው የሚያጠምደው ደግሞ ከ16,400 ወደ 9,600 ቶን ወረደ። ይህ በ2017 የወጣ የተመራማሪዎች ስሌት ነው፣ የኔ ፈጠራ አይደለም። እዚሁ አሜሪካ ኮሎምቢያ በሚባለው ወንዝ ላይ፣ ቦንቪል ግድብ ሥር ከባሕር 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥተው ሳልመን ይጠብቃሉ። ኮንግረሱ ራሱ በ2018 ሕጉን አላልቶ እዚያ የሚቆዩትን መግደል በሰፊው ፈቅዷል።

አገር ቤት ዝንጀሮ በቆሎህን ሲጨርስ «ተፈጥሮ ነው» ብሎ የሚያጽናናህ አለ? ማማ ላይ ወጥተህ ወንጭፍህን ታነሳለህ እንጂ!

ኬፕ ታውን ያለሁ

ትምህርቴ ከዚህ ጋር ስለሚያያዝ ትንሽ ልጨምር። ጥሬ ሐቅ ያመጣው ቁጥር ልክ ነው፣ ግን ውስጡን እንየው። በቁጥር ከተበላው ሳልመን እጅግ የሚበዛው ገና ከወንዝ የወጣ የጣት ርዝመት ጫጩት ነው፣ ሲሎች የሚለቅሙት። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ሲል ባይኖርም ወይ በሌላ ዓሣ ወይ በወፍ ያልቅ ነበር። ትልቁን፣ አንተ የምትሸጠውን፣ በዋናነት የሚበላው ኦርካ ነው። ስለዚህ «ሲሉ ያልበላው ሁሉ የኔ መረብ ውስጥ ይገባ ነበር» ማለት አያስኬድም። መሃል ላይ ብዙ አፍ አለ።

እኔ ያለሁበትን ልንገራችሁ። ደቡብ አፍሪካ ትልቁ የዓሣ ንግድ ሄክ የሚባለው ዓሣ ነው። ሄክ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ ጥልቀት በሌለው፣ አንዱ በጥልቅ ውሃ የሚኖር። ሲሎቹ በብዛት የሚደርሱበት የመጀመሪያውን ነው። የመጀመሪያው ሲያድግ ደግሞ የጥልቁን ትንንሽ ሄክ ይበላል። አሁን ሲሎቹን ቀንስ። ላይኛው ሄክ ይበዛል፣ በዝቶም ታችኛውን ይጨርሳል፣ አጥማጁ ደግሞ ሁለቱንም ነው የሚሸጠው። በ1990ዎቹ እዚህ ሲያሰሉት ሲል መቀነስ ለሄክ አጥማጅ የሚያስገኘው ትርፍ እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም፣ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል የሚል ነው የወጣው። እኔ መጀመሪያ ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

ደግሞ የደች ሃርበሩ ልጅ፣ ራስህ የምታጸዳው ፖላክ የሚባለው ዓሣ የማነው? የስቴለር ባሕር አንበሳ፣ የዚያ የወደባችሁ፣ ዋና ምግብ አይደለም እንዴ? ከቤሪንግ ባሕር በዓመት ከሚሊዮን ቶን በላይ ነው የሚወጣው። እናንተ አካባቢ ያለው የስቴለር ወገን በ1997 ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቦ መውለጃዎቹ ዙሪያ ማጥመድ ተገድቧል። እነሱም መድረክ ቢያገኙ «ይሄን ያህል የሚበሉት ሰዎች ለምን ዝም ይባላሉ» ብለው ሳይጠይቁ አይቀሩም።

ባላርድ ነዋሪ

ኦርካም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም እኮ። እኛ ጋ ያሉት፣ ሰባ ምናምን ብቻ የቀሩት፣ ዋና ምግባቸው ቺኑክ ነው፣ እሱ ሲጠፋ ይራባሉ። አጠገባቸው ሌላ ዘር አለ፣ ዓሣ አይነካም፣ ሲል ነው የሚበላው! አንድ ባሕር ላይ ጎረቤት ሆነው ገበታቸው ለየብቻ ነው። ሲሉን ብትጨርሱት የእነዚያ መሶብ ባዶ ሆነ ማለት ነው።

በ2018 ጄ35 የተባለችው እናት የሞተ ልጇን 17 ቀን ተሸክማ ስትዋኝ ዜናውን እያየች ባለቤቴ አልቅሳለች። እኔም አልቅሻለሁ፣ ለማንም እንዳትነግሩ።

ጥሬ ሐቅ

እሺ፣ ሄኳ ላይ ተሸንፌያለሁ። ቦንቪል ላይ ግን አልተሸነፍኩም። ግድብ ሥር ቆሞ የሚጠብቅ አንበሳና ባሕር ላይ የሚያድን አንበሳ አንድ አይደሉም፣ ዓሣው እዚያ ጋ ማምለጫ የለውም።

ኬፕ ታውን ያለሁ

እሱ ላይ ብዙም አልከራከርህም። ጠባብ በር ካለ ጥቂት እንስሳ ብዙ ጥፋት ያደርሳል። በሩን የሠራው ግን ሰው ነው፣ ግድቡም ሎኩም የኛ ነው።

የደች ሃርበር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። ያ ፎቶ ያሳየኝ ልጅ ዛሬ መጥቶ ነበርና የጻፋችሁትን ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ኦርካ መግደል መቼ አልን? እኛ መንጠቆውን ነው የምንተወው» አለኝ። መንጠቆ በተደረደረበት ገመድ ፋንታ ፖት፣ ማለትም ዓሣው ገብቶ የማይወጣበት ወጥመድ፣ ሊሞክሩ ነው። አላስካ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ለብላክ ኮድ ከ2017 ጀምሮ ተፈቅዶ ብዙዎች ወደዚያ ዞረዋል አሉ፣ ውስጥ የገባውን ዓሣ ዓሣ ነባሪ ማውጣት አይችልማ። የድሮው ፖት ከባድ ብረት ስለሆነ ትንሽ ጀልባ አይችለውም ነበር፣ አሁን እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) የሚተጣጠፍ ቀላል አለ፣ ስሊንኪ ይሉታል። ካፒቴኑ ግን ዋጋውን ሰምቶ እስካሁን ፊቱ አልተፈታም።

ኦርካዎቹስ ምን ይበላሉ ብዬ ብጠይቀው «እኛ ሳንመጣ ምን ይበሉ ነበር?» አለኝ። ብሬክ አለቀ፣ ቻው።