የ6 ዓመት ልጄን ይዤ ድንኳን ውስጥ ላድር ነው፤ የት ልሂድ? ምን ልያዝ?

የማማው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 6 ዓመቱ ነው። አንድ የሰፈር ጓደኛው "እኛ ድንኳን ውስጥ አደርን" ብሎ ከነገረው ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም የለም። ሶፋውን በአንሶላ ሸፍኖ ሥሩ ይገባል። እራቴንም እዚሁ ካልበላሁ ይላል። እሺ ብዬ ቃል ገባሁለት። ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ እንወጣለን፣ እሱና እኔ ብቻ።

እኔ ካምፒንግ የሚባል ነገር አላውቅም። ሜዳ ማደር ግን አውቃለሁ። ያደግኩት ጎጃም ነው፤ በቆሎው እሸት ሲሆን ከአባቴ ጋር ማሳው መሃል ማማ ላይ እያደርን ጃርት እንጠብቅ ነበር፣ እሱ ወንጭፉን ራስጌው አድርጎ ጋደም ይላል፣ እኔ የጋቢውን ግማሽ ተጠቅልዬ ገና ሳይመሽ እንቅልፍ ይወስደኛል። ያኔ ምን ይያዝ ብሎ የጠየቀ የለም። አሁን ግን የያዝኩት ጨለማ ሲያይ "መብራት ጠፋ" የሚል የከተማ ልጅ ነው።

እናቴ ስትሰማ "አንተ ልጅ፣ ቤት እያለህ ሜዳ ምን ያሳድርሃል? ለጅብ ልትሰጠው ነው?" ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ምንም አላለችም። እሱ የበለጠ ያስፈራል።

ላንጋኖ፣ ወንጪ ወይስ ሱባ? ብርዱን እንዴት እንቻለው? ሌሊት ሽንቱ ቢመጣስ? ድንኳን ከጓደኛዬ ተውሻለሁ፤ የሦስት ሰው ነው ብሎኛል።

የመንገድ ሰው፦

እንግዳ ሳመላልስ ብዙ ዓመቴ ነው፣ በግልጽ ልንገርህ። ወንጪን ለአሁኑ እርሳው። ውበቱን አልክድም፤ ግን አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል፣ በጥር ደግሞ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩ የቀኑን ሙቀት ለቆት ነው የሚያድረው። ልጁ ሲንቀጠቀጥ ካደረ ከእንግዲህ ድንኳን ብትለው አይሰማህም።

ላንጋኖ ሞቃት ነው፣ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ቡናማ ነው ብለህ አትደንግጥ፣ ደለሉ ነው፣ ሰው ይዋኝበታል። ግን መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወባም አለ። ከሄድክ ሲመሽ እጅጌ ረጅም ልብስ አልብሰው፣ የትንኝ መከላከያ ቀባው፣ የድንኳኑን ዚፕ ክፍት አትተው።

ለአንድ ሌሊት እኔ የምልህ ሱባ ነው። በሰበታ በኩል ቅርብ ነው። ጫካው ራሱ ታሪክ ነው፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ያያል፤ ዕድል ካላችሁ የምኒልክ ድኩላም ታያላችሁ። ከመውጣትህ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታና ማደር መቻሉን እዚያው ላሉት ደውለህ ጠይቅ፤ ጥበቃ ባለበት ቦታ ብቻ እደር።

ሰው የሚሳሳተው ብርዱ ላይ ነው። ብርድ ልብስ ከላይ ይቆልላል፣ ከሥር ግን አንድ ሸራ። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው! ከሥራችሁ ፍራሽ ወይም ወፍራም ስፖንጅ አንጥፍ፣ ብርድ ልብስም ቢሆን ሁለቱን ከሥር አንዱን ከላይ አድርግ። ከ10 ሰዓት በፊት ድረስና ድንኳኑን ትከል፤ እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች ምሽት የሚባል ነገር የለም፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድቅድቅ ይላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ይሄን እንደ ትእዛዝ ውሰደው። ከሰል ድንኳን ውስጥ አታስገባ። ትንሽ ይሙቀን ብለህም፣ ፍም ብቻ ነው ብለህም፣ ዚፑን ከፍቼዋለሁ ብለህም። ጭሱ ባይታይም የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝተህ ነው የሚወስድህ።

ቨርጂኒያ ነኝ፦

ሰላም ወንድሜ። እኔ ባለፈው ዓመት የ7 ዓመት ልጄን ሸናንዶዋ ፓርክ ወስጄዋለሁ፣ ከዲሲ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የእኛ ጅብ ጥቁር ድብ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፣ የሚሸት ነገር ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል። እኔ ደግሞ ቀይ ወጥ ይዤ ሄጃለሁ! ክዳኑ ተከፍቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ ሌሊቱን በካልሲ አደርኩ፣ ጫማዬ መኪና ውስጥ ታስሮ።

ጥፋቴ ግን እሱ አይደለም። ድንኳኑን ከነካርቶኑ ነው የወሰድኩት። ሥራ አርፍጄ ወጥቼ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ልጄ ባትሪ እንዲያበራልኝ አደረግኩ፣ እሱ ደግሞ በተናገርኩ ቁጥር ባትሪውን ፊቴ ላይ ያበራል፣ ምሰሶው የቱ ከየትኛው እንደሚገጥም ሳላውቅ ስበሳጭ ጮህኩበት። ልጁ ስለዚያ ጉዞ ሲያወራ ድንኳኑንም ከዋክብቱንም አይጠራም፤ "ዳዲ የጮኸ ቀን" ነው የሚለው። ስለዚህ እባክህ መጀመሪያ ግቢህ ውስጥ ትከለው። አንዴ ከሱ ጋር ተክላችሁ አፍርሱት። ካስማውን የሚቆጥረው እሱ ይሁን፤ ሥራ የያዘ ልጅ አይነጫነጭም።

የሁለት ወንዶች እናት፦

አባቶች ስለ ከፍታና ስለ ድብ ታወራላችሁ፣ ስለ ካልሲ የሚያወራ የለም። ሦስት ጥንድ ካልሲ ያዝ። ሁለት ሱሪ፣ ሁለት ቲሸርት፣ ቆብ። የቀን ልብሱን ለብሶ አይተኛ፣ ላብ ያለበት ልብስ ሌሊት ይበርዳል፣ ቀይርለት። ለሽንቱ አፉ ሰፊ የሆነ ፕላስቲክ ያዝ፣ በጨለማ ውጭ አታውጣው። የሚተኛበትን አሻንጉሊት ወይም ትራሱን ከቤት ይውሰድ። ክብሪት ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

ባለቤትህ ዝም ያለችው ደግሞ ስላልጠየቅካት ነው። ዕቃውን አብረሃት አዘጋጅ፣ ሲጨልም ደውልላት፣ ኔትወርክ ከሌለ አስቀድመህ ንገራት።

አላፊ አግዳሚ፦

እኛ ከሜዳ ለመውጣት ስንት ዓመት ተማርን፣ አሁን ገንዘብ ከፍለን ልንመለስ ነው 😂 ለማንኛውም በሶ ያዝ፣ እሳት አይፈልግም።

የማማው ልጅ፦

ተመልሰናል። ሱባ ነው የሄድነው፤ ምክራችሁን ሁሉ ሰምቼ ክብሪቱን ብቻ ረሳሁ። አንድ ቦታም ሁለት ቦታም አላስቀመጥኩም። ጥበቃው ከኪሳቸው አውጥተው እስኪሰጡን ድረስ በሶ በማር አሽተን በላን። ልጄ በሶን የሚያውቀው "አበበ በሶ በላ" ሲባል ብቻ ስለነበር "እውነት የሚበላ ነገር ነው?" አለኝ። ኧረ ጉድ፣ የማን ጥፋት ነው አልኩ በሆዴ።

ሐሙስ ማታ ግቢ ውስጥ ተክለነው ነበር፣ ቨርጂኒያ ያለኸው ወንድሜ፣ ተባረክ። መጀመሪያ ገልብጠን ነው የተከልነው። እናቴ ከበረንዳ እያየች ዝም አለች፣ ዝም አለች፣ በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ጫማዋን አውልቃ ገባች። መሃሉ ላይ ተቀምጣ ጣሪያውን በእጇ ዳሰሰችና "ዝናብ ቢመጣ ያፈሳል" ብላ ወጣች። ጠዋት ግን ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ መኪናው ውስጥ አስቀምጣ አገኘሁ። ባለቤቴም ልብሱን ራሷ አዘጋጀች፤ ካልሲው አምስት ጥንድ ነበር።

የሦስት ሰው ድንኳን የተባለው የአንድ ሰው ተኩል ነው። ከሥራችን የልጁን የአልጋ ፍራሽ አነጠፍን፣ ብርዱ አልነካንም፣ ጠዋት ግን የድንኳኑ ጣሪያ ከውስጥ ጤዛ ይዞ አፍንጫችን ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ማታ ዚፑን ጥርቅም አድርጌ ስለዘጋሁት ይመስለኛል።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጅብ ጮኸ። ሩቅ ነው። እኔ ዓይኔ ፈጦ ቀረ፤ የሱን ትንፋሽ እየሰማሁ፣ ባትሪውን ጨብጬ፣ ማማ ላይ አባቴ ተኝቶ ነበር ወይስ እንዲህ አፍጥጦ ነበር የሚያድረው እያልኩ ነጋ። ልጁ አንዴም አልተገላበጠም። ጠዋት ስነግረው ተቆጣኝ። "ለምን አልቀሰቀስከኝም?" ብሎ እስከ ሰበታ አላናገረኝም።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ። ካስማዎቹ 12 ነበሩ፣ የመለስኩት 11 ነው። አንዱ ልጄ ትራስ ሥር ነው፤ ስጠኝ ብለው ለሚቀጥለው ነው ይላል። ድንኳኑ ደግሞ የሰው ነው። ካስማ ለብቻው የሚሸጥበት ቦታ የምታውቁ ንገሩኝ፤ ካልሆነ ብረት በያጅ ጋ ልወስደው ነው።