ሜዳና የዱር እንስሳት ለማየት ሁለት ቀን ላለው ሰው፦ አዋሽ፣ ሃለይደጌ ወይስ ሰንቀሌ?

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ልጆቹን ይዞ ቅዳሜና እሑድን የዱር እንስሳት በሚታዩበት ሜዳ ለማሳለፍ አስቦ፣ የትኛው ፓርክ እንደሚሻልና የት ቢያድር እንደሚመቸው ጠይቆኝ ነበር። በቃል የሰጠሁት መልስ አጭር ስለነበረና ከእርሱም በኋላ ሌሎች ተመሳሳይ ጥያቄ ስላቀረቡልኝ፣ ደርሼ ያየሁትን ብቻ መሠረት አድርጌ በጽሑፍ ላቀርበው ወደድኩ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ሁለት ቀን ብቻ ያለውና የቤት መኪና የሚነዳ ሰው አዋሽ ይሂድ፤ አዳሩንም መተሐራ ሳይሆን አዋሽ ሰባት ኪሎ ያድርግ።

አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እስከ አዳማ ያለው የፈጣን መንገድ ጉዞ የሚያስቸግር አይደለም፤ ከአዳማ በኋላ ግን ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱት ተሳቢዎች ስለሚበዙ ርቀቱን አይቶ ሰዓት መገመት ያሳስታል። ወለንጪቲን አልፎ መተሐራ ሊደረስ ሲል መንገዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በበሰቃ ሐይቅ መካከል ያልፋል። ይህ ሐይቅ ከስድሳ ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የግጦሽና የእርሻ መሬት ውጧል፤ መንገዱም በእርሱ ምክንያት ከፍ ተደርጎ መሠራት ነበረበት። ውኃው ጨዋማ በመሆኑ ለመስኖ አይሆንም። ልጆች የያዘ ሰው እዚህ ላይ ለአምስት ደቂቃ ቆም ቢል አይጎዳም።

የፓርኩ በር መተሐራን አልፎ ወደ አዋሽ ሲሄዱ በስተቀኝ፣ በዋናው መንገድ ዳር ነው። የኢትዮጵያ ዜጋ የሚከፍለው ከውጭ ዜጋ ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል፤ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻቸውን ይዘው የሚሄዱ ሰዎችም ይህን ልዩነት አስቀድመው ቢነግሯቸው በር ላይ ከሚነሣው ክርክር ይድናሉ። ስካውት፣ ማለትም መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ፣ መያዝ ወጪ የሚጨምር ቢመስልም እኔ ሳልይዝ አልገባም። አንድ ማለዳ ኢላላ ሳላ በሚባለው ሜዳ ላይ በቀስታ ስንነዳ፣ ከኋላ የተቀመጠው ስካውት መሣሪያውን በጉልበቱ መካከል እንዳቆመ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሞተሩን እንዳጠፋ ጠየቀኝ። እኔ የደረቀ የግራር እንጨት የመሰለኝ ነገር ከአጋዘን ወገን የሆነው የሳላ (ኦሪክስ) ቀንድ ነበር። በቢጫው ሣር ውስጥ ተኝተው የነበሩ አሥራ አንድ ሳላዎች አንድ በአንድ ተነሡ፤ ፊታቸው በጥቁርና በነጭ የተቀባ ጭንብል ይመስላል፤ ወንዱም ሴቷም ቀንዳቸው እንደ ጦር ቀጥ ያለ በመሆኑ ልጄ የቱ አባት፣ የቷ እናት እንደሆነች ለመለየት ብዙ ደከመ። ያለ ስካውቱ ዓይን አልፈናቸው እንሄድ ነበር።

ፓርኩ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የታወጀ ሲሆን ስፋቱም ያኔ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ተብሎ ነበር። ከሳላ ሌላ የሜዳ ፍየል፣ ከርከሮና ዝንጀሮ በቀላሉ ይታያሉ፤ አምበራይሌ ግን ቁጥቋጦ ስለሚወድ ዕድል ይጠይቃል። አንበሳ አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው አዝኖ ይመለሳል። የአዋሽ ፏፏቴ በደረቅ ወራትም ቢሆን የሚታይ ነገር አለው፣ ከሥሩም አዞ አይጠፋም፤ ስለዚህ ልጆችን ወደ ወንዙ ዳር ማስጠጋት አይገባም። ከመንገዱ በስተሰሜን ያለው ፍልውኃ፣ በዘንባባዎች መካከል ሰማያዊ ሆኖ የሚፈልቀው የሞቀ ውኃ፣ ከሁሉ የበለጠ የምወደው ቦታ ቢሆንም በቤት መኪና የሚሞከር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራና በአካባቢው የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ በየካቲት ወር እስከ 6.0 ሬክተር ስኬል የደረሰ ሲሆን ብዙ ሺህ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ ወደዚያ ከመነሣት በፊት ስለ መሬቱም ስለ መንገዱ ጸጥታም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ ግድ ነው።

አሁን ወደ አዳር ልምጣ። ሦስት ምርጫ አለ። ፏፏቴው አጠገብ ባለው ሎጅ ማደር ውድ ነው፤ ጥቅሙ ግን ጎሕ ሲቀድ ሜዳው ላይ መገኘት መቻሉ ነው። መተሐራ ርካሽ ነው፤ የስኳር ፋብሪካ ከተማ እንደመሆኑ መጠን ሥራ የማያጣ፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የሚጫንበት፣ ሌሊቱን ሙሉ የከባድ መኪና ጥሩምባ የሚሰማበት ከተማ ነው። አንድ ጊዜ እዚያ ባንድ ፔንሲዮን አድሬ፣ ቬንቲሌተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ስለሚቆም፣ አጎበሩም ቀዳዳ ስለነበረው እንቅልፍ ሳላይ ነጋ። አዋሽ ሰባት ኪሎም ሞቃት ነው፤ ነገር ግን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ማረፊያዎች ስላሉት ጸጥታ ይገኝበታል። ክፍል ከመያዝዎ በፊት ገብተው አጎበሩን ዘርግተው ይመልከቱ፣ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ ከዚያ ዋጋ ይነጋገሩ።

ከዚህም ሌላ ሰባት ኪሎ ራሱ የሚታይ ከተማ ነው። ከተማዋን የፈጠራት የጅቡቲ ባቡር ነው፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የቀድሞው ሐዲድ ጣቢያ አሁንም ከነዛፎቹ ቆሟል፣ አጠገቡም ተሳፋሪዎች ምሳ ይበሉበት የነበረው አሮጌው ቡፌ አለ። ወደ ገደሉ ጫፍ ሄደው የአዋሽን ወንዝ ከላይ ሆነው ሲመለከቱ ፀሐይ ብትጠልቅ መልካም ነው። ገበያዋ ሰኞ ስለሆነ አንድ ቀን ማከል የሚችል ሰው አፋሩንና ከረዩውን በአንድ ስፍራ ያገኛል። የሚገዛው ነገር ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ የአፋር ሰሌን ነው፤ ጥብቅ ሆኖ የተሠራውን ለመለየት በሁለት እጅ ይዞ ወደ ብርሃን ማንሣት ይበቃል። የግመል ወተት ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን የጭስ ጣዕም አለው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ግማሽ ብርጭቆ ጠጥቶ ሆዱ እንዴት እንደሚቀበለው ቢያይ ይሻላል። የፍየል ጥብሱን አመስግኜ አልጨርሰውም። በመንገድ ዳር በማዳበሪያ የሚሸጠውን ከሰል ግን አልገዛም፤ ሊያዩት የመጡት ግራር ነውና የሚነደው።

ጠንካራ መኪናና ሦስተኛ ቀን ያለው ሰው አዋሽ አርባን አልፎ በሚሌ መንገድ ወደ ሃለይደጌ ሜዳ ይቀጥል። እውነተኛው ሜዳ ያ ነው፤ ጠባብ መስመር ያለውንና በዓለም ላይ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነውን የግሬቪ የሜዳ አህያ የማየት ተስፋ ያለውም እዚያ ነው። የአሰቦት ገዳም ያለበት ተራራ በአቅራቢያው ነው። ነገር ግን አገልግሎት አይጠበቅ፤ ውኃም ነዳጅም ምግብም ከአዋሽ ይያዝ። እኔ አዲስ አበባ ተከራይቼ በሄድኩበት መኪና ጎማ ፈንድቶ ትርፉን ሳወርደው ነፋስ አልነበረውም፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ባይደርስልን ኖሮ እዚያው እናድር ነበር። መኪና የሚከራይ ሰው ትርፍ ጎማውን በእጁ ሳይጫን፣ ክሪኩንም ሳያይ አይፈርም።

በሕዝብ ማመላለሻ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሰንቀሌን እመርጣለሁ። ከሻሸመኔ ወደ አላባ በሚወስደው መንገድ አጄ ከተባለችው ትንሽ ከተማ ይገባል። ጥብቅ ስፍራው 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነና የተቋቋመውም ከአጋዘን ወገን ለሆነው ለቆርኪ ሲባል ስለሆነ፣ ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን ይህን እንስሳ በመንጋ ሳያዩ መመለስ አይታሰብም። አዳሩ ግን ሻሸመኔ ይሁን፤ በአጄ ከሻይና ከፍርፍር ያለፈ አላገኘሁም። ስለ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የጠየቃችሁኝ ሰዎች፣ ሜዳው ያማረ ቢሆንም ከአርባ ምንጭ ወደ ሜዳው የሚያወጣው መንገድ ወገብ የሚሰብር በመሆኑ የአራት ቀን ጉዞ አድርጋችሁ ያዙት።

ለባልደረባዬ ያወጣሁለት ፕሮግራም ይህ ነው፦ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ለምሳ ሰባት ኪሎ መድረስ፤ በቀትር እንስሳቱ ጥላ ሥር ስለሚሆኑ ልጆቹን አስተኝቶ ከ10 ሰዓት በኋላ ወደ ፏፏቴው መሄድ፤ እሑድ በሩ እንደተከፈተ ኢላላ ሳላ ላይ መገኘትና ከ4 ሰዓት በፊት ወጥቶ፣ ሳይመሽ አዳማን ማለፍ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሄድ ሣሩ ስለሚያጥር ሳላው ከሩቅ ይታየዋል።