ልጄን አተኮሳት፤ ነገ ሌሊት ለልብ ሕክምና አዲስ አበባ ልንሄድ ነው። እንሂድ ወይስ እንቅር?

የሐይቋ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያተኩሳታል፣ ያስላታል። ሐሙስ በብሽሽቷ በኩል ገብተው ሊዘጉላት ነበር። ቀጠሮውን ስንት ወር ጠብቀን ነው ያገኘነው! ማስታገሻ ሰጥቼ ዝም ብዬ ልውሰዳት?

ቧንቧ ውሃ፦ እታለም፣ ዕድሜዋ ስንት ነው? የሚዘጋውስ የቱ ነው?

የገራዶው መምህር፦ የልብ ክፍተት ብዙ ዓይነት ነው። ሕፃን ማሕፀን ሳለ ዋናውን ደም ቅዳና ወደ ሳንባ የሚሄደውን የሚያገናኝ አጭር ቱቦ አለው። ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ ይዘጋል። ካልተዘጋ ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ይበዛል፣ ልብም ይደክማል። በካቴተር፣ ማለትም በደም ሥር በሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ መዝጋት አዲስ ነገር አይደለም፤ ፖርስትማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ይፋ አድርጎታል።

የሐይቋ እናት፦ 4 ዓመቷ ነው። መምህር ያሉት ቱቦ ነው።

ሰኞ ገበያ፦ ዳማከሴ ጨምቂና ስጫት፤ ሲነጋ ለቋት ታገኛታለሽ።

የወልዲያው፦ የምትሮጥና የምትጫወት ልጅ ከሆነች ለምን ትነካለች? ስታድግ ይዘጋል።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ በ4 ዓመት በራሱ ይዘጋል ብሎ መጠበቅ ልክ አይደለም። እህቴ፣ አብሽሪ፤ ግን ትኩሳቱን እንዳትደብቂ። የምትገባው መዝጊያ ከቀጭን ሽቦ የተሠራች ባዕድ ነገር ናት። ደም ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ እዚያ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ሳል እያለ ማደንዘዣም ያስቸግራል። መኪና ከመሳፈርሽ በፊት ቀጠሮ የሰጡሽ ጋ ደውይ። ያስተላልፉት ይሆናል፤ ማስተላለፍ ደግሞ መሰረዝ አይደለም። ፓራሲታሞል ከሰጠሻት ሰዓቱን ጻፊው። የተበላሸ ጥርስ ካላትም ንገሪያቸው። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ደረቷ ስርጉድ ካለ፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም መጠጣት ካቃታት ግን ሐሙስን አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ደሴ ሆስፒታል ውሰጃት።

ሰኞ ገበያ፦ ዳማከሴውንም ሞክሪው ግን። የእኔዎቹ በሱ ነው ያደጉት።

ነርስ ከኮምቦልቻ፦ እናታለም፣ ለዚች ልጅ በአፍ አይሰጣት።

የከሚሴዋ እናት፦ የእኔም ልጅ እንዲሁ አተኩሷት ቀጠሮ አራዘሙልን። አልቅሼ ነበር። በኋላ ግን በደህና ተሠራላት። ለሰዓታት እግርሽን አትጠፊ ተብላ፣ ጉልበቷን በእጄ ይዤ ተረት ሳወራላት አነጋሁ። ፋሻው ሲነሳ የትንኝ ንክሻ የምታህል ነጥብ ናት ያየሁት። አላህ አፊያ ያድርጋት።

ቧንቧ ውሃ፦ ማርያም ትማርልሽ። የሐይቋ፣ ደወልሽ?

የከሚሴዋ እናት፦ እህቴ፣ ልጅቷ እንዴት አደረች?