ልጄ ክብደት አልጨምር አለች፤ ምን ላድርግ?

የምኖረው ደሴ ነው። የ9 ዓመቷ ልጄ 19 ኪሎ ትመዝናለች፤ ቁመቷ 122 ሳንቲ ሜትር ነው። የጤና ጣቢያ ነርሷ ኪሎዋን በሜትር ለለካችው ቁመቷ ካሬ አካፍላ 12.8 አወጣችና «ለዕድሜዋ ከስታለች» አለችኝ። ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሳ የ40 ደቂቃ ዳገት ትወጣለች። ማታ የምሳ ዕቃዋን ስከፍት እንጀራው ጠርዙ ብቻ ተቆንጥሮ፣ ሽሮው ደርቆ አገኘዋለሁ። ታናሽ ወንድሟ ከዚያው ትሪ እየበላ ድንቡሽቡሽ ብሏል! የሆድ ትላትል መድኃኒት ትምህርት ቤት ወስዳለች። እናቴ ዓይን ነው ትላለች፤ እሷው ራሷ ግን በረካውን ታቀምሳታለች። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከእህሉ ብረት እንዳይወስድ ስለሚያግዱ እኔ የምጠረጥረው እነሱን ነው። በየቀኑ እንቁላል አቅሜ አይፈቅድም፤ በሶና ምስር ግን አላጣም። የደም ምርመራ ላስቀድም ወይስ ቁርሷን ልቀይር? እባካችሁ፣ ያለፈበት ወላጅ ወይም ባለሙያ ይምከረኝ።